የታደለች ቅቤ ወደ ዱራሜ

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የይለፍ ወረቀት ሊጽፍልኝ ብዕሩን አንስቶ ብዙ ቆየ።

«ሆሳዕና ዘመድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«በመሥሪያ ቤት ተልከሽ ነው?»

«አይደለም። ተራራውንና ገበያዎቹን ለማየት ነው። የምችለውን ያህል በእግሬ እሄዳለሁ።»

ቀና ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ጓዲት ዘነበች፣ ሰው እንዲያው ዝም ብሎ አይሄድም» አለና «ዘመድ ለመጠየቅ» ብሎ ጻፈ። ማህተሙን እፍ እፍ ብሎ አሳረፈበት። ጉዞዬ በዚህች ውሸት ተጀመረ።

ከሷ በፊት ግን የራሴ ውሸት ነበረች። ጉለሌ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዱላ ጫፍ ካርታ ላይ ተራራ ሳሳይ ኖሬ የወጣሁት እንጦጦን ብቻ ነው፣ እሱንም በሰው መኪና። አንድ ቀን አንዲት የከምባታ ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሥታ «ቲቸር፣ ሀምበርቾን አይተውታል?» አለችኝ። የአገሯን ተራራ ነው የጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳት። ልጅቷ ደስ ብሏት ተቀመጠች፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ካርታ በሰቀልኩ ቁጥር ፊቷን ማየት ተሳነኝ። ስለዚህ በጥር፣ ትምህርት ቤት ለአንድ ሳምንት ሲዘጋ፣ ከምናለሽ ተራ የጀርባ ቦርሳ ገዝቼ ተነሣሁ። አንድ ቅያሪ ቀሚስ፣ ጋቢ፣ ደብተር፣ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ የተሞላ በሶ፤ ጓዜ ይኸው ነበር። የይለፍ ወረቀቱን ደብተሩ ውስጥ አደረግኩት።

ቅዳሜ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ከመርካቶ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ሁለት ዶሮ ታቅፈው ነበር፤ ቡታጅራ እስክንደርስ አንደኛዋ በጭኔ ላይ ሆነች። ከዚያ ወዲያ ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩና ረዳቱ ሲፍጨረጨሩ ተሳፋሪው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ስንቁን ፈታ፣ እኔም በሶዬን አውጥቼ በጠበጥኩ። በእኛ ሰፈር አውቶቡስ ሲበላሽ ሰው ሁሉ ሹፌሩን ይሳደባል፤ እዚህ ግን አንዷ ሴትዮ ለሹፌሩ ቆጮ በጎመን አጎረሰችው። እጁ በግሪስ ስለተለወሰ አፉን ብቻ ነበር የከፈተው።

ሆሳዕና የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። ጉለሌ ብርድ አለ ብዬ የማወራ ሰው ነኝ፣ ከእንግዲህ አላወራም። ከአንድ ቡና ቤት ጓሮ የተከራየሁት ክፍል አንዲት ስስ ብርድ ልብስ ነበረችው። ባለቤቲቱ ስንቀጠቀጥ አይታ ሌላ ብርድ ልብስ አመጣችልኝ። ሙቀቱ ገና አልለቀቀውም ነበር። ከራሷ አልጋ ገፍፋ እንዳመጣችው የገባኝ ከተኛሁ በኋላ ነው።

እሑድ

ወደ ቦኖሻ የሚሄድ መኪና ፎንቆ ላይ ይጠበቃል አሉኝ። ፎንቆ ስደርስ መኪናው የሚመጣው ነገ ነው ተባለ። አቶ ሽኩር በሚባሉ የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ በጨው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ ሰው መጥቶ ምስማር፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ሳሙና ይገዛል፤ እግረ መንገዱንም እኔን አይቶ በሀድይኛ አንድ ነገር ይጠይቃቸዋል። እሳቸው ይመልሳሉ፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አልኳቸው።

«ማንን ብላ መጣች ነው የሚሉት። እኔም አላወቅሁም። ዘመድሽ የማን ቤት ነው?»

እውነቱን ነገርኳቸው። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ሚዛኑን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ቦኖሻ ሆቴል አትፈልጊ። ዘመድ የሌለው ሰው እዚያ አያድርም። ቆይ፣ ዘመድ ልስጥሽ» አሉና መደርደሪያቸው ላይ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ትንሽ አሰቡ። «ወይዘሮ ታደለች ትሁንሽ። ደንበኛዬ ናት፤ ሐቀኛ ሴት ናት።» ከስኳር ወረቀት ቀድደው ሁለት መስመር ጻፉላት። እኔ ጉለሌ ጎረቤቶቼን እንኳ ለሰው ለመስጠት ድፍረቱ የለኝም። ያን ሌሊት ከሳቸው ሴት ልጆች ጋር አደርኩ።

ሰኞ

ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና ጨው ጭኖ መጣ፣ እኔም በጨው ላይ ወጣሁ። ወደ ቦኖሻ ሲወርዱ ብርዱ እየቀረ፣ እንሰቱ እየሳሳ፣ በቆሎና በርበሬው እየበዛ ይሄዳል። ለተማሪዎቼ «ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ» እያልኩ ያስተማርኩት በአንድ ቀን በመኪና ጀርባ ላይ ተዘረጋልኝ። ይህን ያነሣሁት በማግስቱ ስላፈርኩበት ነው።

ወይዘሮ ታደለች ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ባልቴት ናቸው። የአቶ ሽኩርን ወረቀት ተቀብለው ወደ ብርሃን ወጡ፤ በጣታቸው ፊደሉን አንድ በአንድ እየተከተሉ በራሳቸው አነበቡት። በመሠረተ ትምህርት ነው የተማሩት፤ የምስክር ወረቀታቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከሱ በቀር ግድግዳው ባዶ ነበር። ቤቱ ሊፈርስ ነዋ። የመንደር ምሥረታ ዓመት ነበር፤ ገበሬው ሁሉ ቤቱን እያፈረሰ በመስመር ወደ ተለካ አዲስ መንደር ይገባል። የሳቸው ተራ ሐሙስ ነው። ቦታው ሲለካ ባለቤቱ ካልተገኘ ለሌላ ይሰጣል ተብሏል።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ሴቶች በየተራ እየመጡ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ያስቀምጡ ጀመር። የእያንዳንዷ ትንሽ ነው። እትዬ ታደለች በትልቅ ገበቴ ላይ ይጨምሩታል።

«ዊጆ ነው» አሉኝ። «አንድ ላም ያላት ሴት ብቻዋን ቅቤ አይሞላላትም። ስለዚህ ሁላችን ለአንዷ እናዋጣለን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለሌላዋ። ዛሬ የእኔ ተራ ነው። ስንት ወር ጠበቅሁት!»

የጠበቁት ለልጃቸው ነው። ምሕረት ዱራሜ ተድራ በዚያው ሰሞን የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። አራስ የእናቷን ቅቤ ካልበላች እናት እንደሌላት ናት። እትዬ ታደለች ይዘው ሊሄዱ ሲሰናዱ የቤቱ ትእዛዝ መጣ። ቢሄዱ ቦታው፣ ቢቀሩ ቅቤው ቀረ። ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ቦርሳዬ ላይ ነበር።

«ዱራሜን ታልፊያለሽ?»

«አልፋለሁ። ግን አሁን ነው ያወቁኝ፤ ያምኑኛል?»

«ሽኩር መጥፎ ሰው አይልክብኝም» አሉ፤ በቃ።

በዘጠኝ ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። ቅቤውን በእርጥብ ኮባ ደራርበው ጠቀለሉት፣ በቃጫ አሰሩት። «ወንዝ ባገኘሽ ቁጥር ነክረሽ አውጪው። ኮባውን ግን እንዳትገልጪ» አሉኝ። ደግመው ነገሩኝ።

ማክሰኞ

ወደ አንጋጫ ገበያ በርበሬ ከሚወስዱ ሴቶች ጋር ጎህ ሲቀድ ተነሣን። አህዮቹ በርበሬ፣ እኔ ቅቤ። ወንዝ ስናገኝ እነክረዋለሁ፣ እንቀጥላለን። ሴቶቹ አማርኛና ሀድይኛ እየቀላቀሉ ስለ ባል፣ ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ እኔም ያወራሉ። «ባል የላትም፤ ለዚህ ነው በእግሯ የምትሄደው» ብላ አንዷ ደመደመች።

ከሁለተኛው ወንዝ በኋላ ስናርፍ ቦርሳዬን ብከፍት ኮባው ውኃውን ቀሚሴ ላይ አንጠባጥቦታል፣ ደብተሬንም ሊነካ ምንም አልቀረው። ንጽሕና እወዳለሁ። የበሶው ቆርቆሮ ባዶ መሆኑ ትዝ አለኝ። ሴቶቹ አህያ ሲያጠጡ ከዛፍ ጀርባ ሄጄ ኮባውን ፈታሁ፣ ቅቤውን ቆርቆሮው ውስጥ ጠቅጥቄ ክዳኑን ገጠምኩ። እንዴት ደስ አለኝ! ቦርሳዬ ደረቅ፣ ዕቃዬ ዘመናዊ። ኮባውን ጣልኩት።

ከዚያ ዳገቱ መጣ፣ ፀሐይዋም አናት ላይ ወጣች። ጀርባዬ ረጠበ። አልቦኝ ነው አልኩ።

አንዷ ሴት ከኋላዬ ቀረብ ብላ አሸተተችኝ። «እህቴ፣ ላብሽ ቅቤ ቅቤ ይላል» አለች።

ቦርሳዬን አውርጄ ስከፍት ክዳኑ ዘሎ ወጥቷል። ቅቤው ውኃ ሆኖ ቀሚሴ ጠጥቶታል፣ ጋቢዬ ጠጥቶታል፣ ደብተሬ ከነይለፍ ወረቀቱ ጠጥቶታል። ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ግማሽ ቢሆን ነው። ቆላ ሙቅ ነው፣ ብረት ፀሐይ ላይ ይግላል፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቃል። የማስተምረው ደግሞ እኔ ነኝ! መሬት ላይ ተቀምጬ ሰው ፊት አለቀስኩ።

ሴቶቹ ሁሉ መጥተው አዩ። የሁሉም እጅ ያለበት ቅቤ ነውና አልሳቁም። ቅድም ያሸተተችኝ ሴት ከመንገዱ ዳር ካለ የእንሰት ጓሮ ባለቤቱን አስፈቅዳ ኮባ ቆርጣ መጣች፤ ቆርቆሮውን በሱ ጠቀለለች፣ ውኃ አርከፈከፈችበት። «የተማረ ሰው ቆርቆሮ ይወዳል» ብላ ቦርሳውን መልሳ አሸከመችኝ።

አንጋጫ ከሴቶቹ የአንዷ እህት ቤት አደርን። ባለቤቲቱ ቆጮና ጎመን አቅርባ «ቅቤ የለንም፤ ይቅርታ» አለች። ቤቱ በሙሉ የእኔን ቅቤ ይሸታል። አንድም ሰው አላነሣውም። ለእኔ ለጉለሌዋ ዝምታቸው ከስድብ ይልቅ ከበደኝ፤ እኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ምን ይዘሽ ነው ተብዬ ተመርምሬ ነበር።

ረቡዕ

ሀምበርቾን አየሁት። ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ከላዩ እስከ ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ብቅ አለ፤ እርሻውና የእንሰቱ ጓሮ እስከ ወገቡ ድረስ ይወጣል። ጫፉ ድረስ የሚያወጣ መንገድ እንዳለ አሳዩኝ። ለመውጣት ነበር የመጣሁት። ግን ወጥቼ እስክወርድ ፀሐይዋ ትበረታለች፣ የቀረውም ቅቤ ይሄዳል። ሥሩ ቆሜ ሽቅብ አንጋጥጬ ጥቂት አየሁት፣ ከዚያ መንገዴን ቀጠልኩ። ልጅቷ «አይተውታል?» ነው ያለችኝ፣ «ወጥተውታል?» አላለችም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የሸራ ጫማዬ ሁለቱንም ተረከዜን ልጦታል። እያነከስኩ ዱራሜ መግቢያ ኬላው ጋ ስደርስ አንድ ጠመንጃ የያዘ ወጣት ጥበቃ ወረቀቴን ጠየቀኝ። ሰጠሁት። በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ፀሐይ አነሣው፤ ብርሃኑ አሳልፎ ይታይ ነበር።

«ማህተሙ የታለ?»

«ቅቤ በላው።»

ማህተሙ ፈስሶ ሐምራዊ ኩሬ ሆኗል። «ዘመድ ለመጠየቅ» የሚለው ግን ይነበባል።

«ዘመድሽ ማነው?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ጥያቄ ስሰማ ምላሴ ይተሳሰር ነበር። አሁን ግን ሳላስበው «ምሕረት ናት» አልኩ። «የቦኖሻዋ የወይዘሮ ታደለች ልጅ። አራስ ናት፤ የእናቷን ቅቤ ይዤላት ነው።»

ኮባውን በእጁ ነካ አደረገው። «የዊጆ ነው?»

«የዊጆ ነው።»

«ወረቀቱ እዚህ ይቆያል። ነገ ዘመድ ይዘሽ ነይና ይመስክርልሽ። ካልመጣሽ እንፈልግሻለን። ቅቤውን ግን አሁኑኑ አድርሺ፤ የስንት ሴት እጅ አለበት» ብሎ ገመዱን ዝቅ አደረገልኝ።

ቤቱን በጥያቄ አገኘሁት። የምሕረት አማት እማማ ሣራ በር ላይ ተቀበሉኝ። ምሕረት ከመጋረጃው ጀርባ ሕፃኗን ታቅፋ ተኝታለች፤ የምሕረት ፊት ቁርጥ እትዬ ታደለችን ነው። ቆርቆሮውን ፊቷ አስቀምጬ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ፤ ኮባውን እንዳልገልጽ ደጋግመው እንደነገሩኝም አልደበቅሁ።

ምሕረት ቆርቆሮውን አላየችውም። «እናቴ ቤቱን አፈረሰች?» አለች።

«ነገ ነው።»

«ምሰሶውን ይዘውት ይሄዳሉ ወይስ ይተዉታል?» አለችኝ። ይህን አላውቅም ነበር። እዚያ ቤት ነው የተወለደችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እማማ ሣራ ሕፃኗን ተቀበሏት።

ቀጥሎ እማማ ሣራ የቡላ ገንፎ ሠሩ። ኮባውን ፈትተው ከቆርቆሮው ቅቤ ሲጨልፉ እያየሁ ነበር፤ ግን ወደ ገንፎው አልሄዱም። መጥተው ፊቴ በርከክ አሉ፣ እግሬን ይዘው የተላጠውን ተረከዜን በቅቤው ያሹ ጀመር።

«ኧረ ይተዉ እማማ፣ ያልቃል!»

«ዝም በይ፤ ይኼን ያህሉን ያመጣው እግርሽ አይደል?»

እንደገና አለቀስኩ፤ በዚያ ጉዞ እንባዬን ቆጣቢ አልነበርኩም። ከራት በፊት መስኮቱን ዘግተው ዝቅ ባለ ድምፅ ጸለዩ፤ የጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ታሽጎ ነበር። በጸሎቱ ውስጥ ስሜን ሰማሁት።

ሐሙስ

ጠዋት እማማ ሣራ ነጠላቸውን አጣፍተው ከእኔ ጋር ወደ ኬላው ሄዱ። ወጣቱ ጥበቃ የቀበሌውን ጸሐፊ አስጠራ፤ እስኪመጣ ቆየን። ጸሐፊው መነጽሩን አድርጎ ቅቤ የጠገበውን ወረቀት ገለባበጠው።

«እማማ፣ ይህች ሴት ምንዎ ናት?»

«ልጃችን ናት።»

«በየት በኩል?»

«በቦኖሻ በኩል።»

«ወረቀቱ እኮ አዲስ አበባ ነው የሚለው።»

«አዲስ አበባ ልጅ እንዳይኖረን የሚል ሕግ ወጣ?» አሉ እማማ ሣራ። ጥበቃው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ጸሐፊው በንጹሕ ወረቀት ላይ «ዘመዶቿን ጠይቃ የምትመለስ» ብሎ ጽፎ ማህተም አደረገበት። እሳቸው ቢክዱኝ የት አድር እንደነበር ሳስብ ዛሬም ይጨንቀኛል።

ያን ቀን እዚያው ዋልኩ። ዱራሜ ገበያዋ ትልቅ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ሕፃኗን ታቅፌ ዋልኩና አላየሁትም። ማታ ምሕረት ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ለእናቴ ደብዳቤ ጻፊላት፤ ማንበብ ትችላለች። ቅቤው ሙሉ ደረሰ በያት።»

«እንዴት ብዬ?»

«ቤቷ ነው የፈረሰው። በዚህ ሳምንት ሌላ የጎደለ ነገር አትስማ።»

እሺ አልኳት። ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል?

ዓርብ

ወደ አዲሎ በጭነት መኪና ወረድኩ። አዲሎ የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ ሁሉም ሰው ወይ መኪና ይጠብቃል ወይ ለሚጠብቅ ሰው አንድ ነገር ይሸጣል። አንዲት ሸንኮራ ሻጭ ተረከዜን አይታ የራሷን በርጩማ ለቀቀችልኝ፤ የሻሸመኔው አውቶቡስ እስኪመጣ እሷ ቆማ ሸጠች። ሻሸመኔ አድሬ በማግስቱ ጉለሌ ገባሁ። ቦርሳውን ሦስት ጊዜ አጥቤ ግቢ ባሰጣው የሰፈሩ ድመት ሁሉ ከሥሩ ተሰበሰበ።

በዚያው ሳምንት ደብዳቤውን በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ፤ ሲያነቡት እንዳይቸገሩ። «ቅቤው ሙሉ ደርሷል። ምሕረትም ሕፃኗም ደህና ናቸው» አልኩ፤ በአቶ ሽኩር ሱቅ አድራሻ ላክሁት። ለተማሪዬ ደግሞ ሀምበርቾን ያን ጊዜ አለማየቴን፣ አሁን ግን ከሥሩ ቆሜ ማየቴን ነገርኳት። «ለምን አልወጡም?» አለችኝ። ቅቤ ይዤ ነበር አልኳት፤ ገባት።

የእትዬ ታደለች መልስ በመጋቢት መጣ። በእርሳስ ነው፣ መስመሩ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ስንት ቀን እንደፈጀባቸው እንጃ። እንዲህ ይላል፦

«ለልጄ ለዘነበች። ደብዳቤሽ ደረሰ። አዲሱ ቤት ጠባብ ነው፤ ምሰሶውን አምጥቼዋለሁ። ቅቤው ሙሉ ደረሰ ብለሻል። በርበሬ የሚሸጡት ሴቶች ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ከገበያ የተመለሱ ዕለት ሁሉንም ነግረውኛል። ለምሕረት ማወቄን አልነገርኳትም፤ አንቺም አትንገሪያት። ተራዬ በሰኔ ይደርሳል። መጥተሽ ውሰጂላት። ኮባውን እንዳትገልጪ።»